ሰይድ አሊ ከቦዩ አጠገብ ለማን ሰላም አለ

ሌላው ስደተኛ ታሪኩን ሲጽፍ የወጣው በሌሊት ነው፤ ውሻ ይጮሃል፣ እናት በር ላይ ቆማ ታለቅሳለች። እኛ የወጣነው በጁምዓ ቀትር፣ ወንዱ ሁሉ መስጊድ በገባበት ሰዓት ነው። ሰዓቱን የመረጠው ደላላችን ሰይድ አሊ ነበር። «በሌሊት የሚሄድ ሰው ሌባ ይመስላል፤ በቀትር የሚሄዱ ሁለት ሴቶች ግን ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት» አለን። ልክ ነበር። ያ ሰውዬ ያልተሳካለት ነገር ጥቂት ነው፤ አንዱን እዚህ እጽፈዋለሁ።

እናቴ አላለቀሰችም። የታናሽ እህቴን የዘይነብን እጅ አንስታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አደራ» አላለችም፤ ብትለው ይቀለኝ ነበር፣ ቃል ይረሳል። እጇን እጄ ላይ አኑራ ዝም ብላ ጓዳ ገባች። እኛም ከባቲ በላይ ካለችው መንደራችን ወደ ቆላው ወረድን።

ስሜ ከድጃ ነው። ስለ ወረቀቴ፣ አሁን ስለምኖርበት ሰፈር፣ እየገባሁ ስለምሠራባቸው ቤቶች አልናገርም፤ ይህን የሚያነበው ማን እንደሆነ አላውቅም። ከአገሬ የወጣሁት ባሌ በላዬ ላይ ሌላ ሚስት አግብቶ «እንደ እህት ኑሩ» ስላለኝ ነው። አሁን ለእሱ የምለው የለኝም፤ ሰው ካነበበለት ግን ደጁ ላይ ያለውን ሎሚ የተከልኩት እኔ መሆኔን ያስታውስ። ዘይነብ በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችል ነበር። እኔ የወጣሁት ተገፍቼ ነው፤ እሷ የወጣችው ጓጉታ ነው። በመንገዱ ሁሉ ስለ ወርቅና ስለ ሽቶ ታወራ ነበር።

ሰይድ አሊን ያመንነው በድምፁ ነው። የአገራችን ልጅ ነው፤ በመውሊድ መንዙማ የሚያወጣው እሱ ነበር። ድምፁ ሲነሳ ሽማግሌ ያነባል፣ ሴት እንጀራዋን ትታ ትወጣለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ሰው ደላላ ሆኖ «ሳዑዲ፣ ጂዛን አደርሳችኋለሁ» ሲል ማን ይጠራጠራል? ደግሞ አንድ ልማድ ነበረው። እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ከንፈሩ ሥር ያጉረመርማል፤ ዚክር ያደርጋል፣ ዱዓ ያደርጋል። እናቴ «አፉ ከአላህ ስም የማይለይ ልጅ» ትለው ነበር። ይህን ልማዱን ያዙልኝ።

የአፋርን በረሃ፣ የኦቦክን ዳርቻ፣ ጀልባውን አልተርክም፤ የተሻገረ ያውቀዋል፣ ያልተሻገረ ቢነግሩትም አያምንም። የመን ስንደርስ ሐውሽ አስገቡን። ሐውሽ በዓረብኛ ግቢ ማለት ነው፤ ለኛ ግን ከቤተሰብ የሚከፍል ሰው እስኪገኝ የምንገረፍበት ግቢ ነው። እዚያ ጥቁር የኤሌክትሪክ ገመድ ይዞ የቆመው ሰው ሰይድ አሊ ሆኖ ተገኘ። የመኖቹ ጥላ ሥር ጫታቸውን ይቅማሉ፤ የሚገርፈን የመንደራችን ልጅ ነው። ዘይነብን በሆዷ አስተኝቶ ውስጥ እግሯን ገረፈው። ስትጮህ በጉልበቱ ወገቧን ይጫናል። በአንዱ ምትና በሌላው መካከል ሲያጉረመርም ሰማሁት፤ ስድብ ነው ብዬ ጆሮዬን ሰጠሁ። «ሱብሓነላህ» ነው የሚለው። እግሯ አብጦ ቆዳው ተተረተረ። ሴቶችን የሚያስገቡበት ሌላ ክፍልም ነበር። ስለዚያ ክፍል አልጽፍም።

ገንዘቡ ተከፍሎ፣ ሰይድ አሊ እየመራን ድንበሩን የተሻገርነው ሰማዩ ሲገረጣ ነው፤ ከወዲያ በሳዑዲ በኩል የሳምጣ እርሻዎች ናቸው። ከእኛ ጋር የወሎ ወንዶች ነበሩ። ዘይነብ መሄድ አቅቷት በጉልበቷ ትድህ ነበር። ሰይድ አሊ ዞር ብሎ አያት።

«ኸላስ፣ ተዋት» አለኝ። «ሲነጋ እዚህ የተገኘ ሁሉ አለቀ።»

«እኔም እቀራለሁ» ብዬ አጠገቧ ተቀመጥኩና አቀፍኳት።

ከወገቡ የክሪክ ብረት መዘዘ፤ መኪና ጎማ ሲቀየር የሚዞርበትን። የመጀመሪያው ምት ግራ ዓይኔን ወሰደ፣ ሁለተኛው ቀኙን። በሁለቱ መካከል ያየሁት የመጨረሻው ነገር አሸዋው ላይ የተገለበጠ የዘይነብ ሰማያዊ ነጠላ ጫማ ነው። ሰው የመጨረሻ እይታውን ቢያስመርጡት ያንን አይመርጥም። ወንዶቹ በብብቴ ይዘው ጎተቱኝ። ከኋላዬ «እታለም! እታለም!» ትላለች። ከዚያ የሰይድ አሊ ድምፅ፦ «ሂዱ፣ ያላ! እሷን እኔ አመጣታለሁ!»

ከሰዓት በኋላ ሰይድ አሊ እኛ ወደተደበቅንበት እርሻ ብቻውን መጣ።

«ዘይነብስ?» አልኩት።

«ሌላ መኪና ወሰዳት።»

«የማን መኪና?»

«የሚያውቋት ሰዎች።»

«በዚህ አገር ዘይነብን ማን ያውቃታል?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዓይንሽ ጠፋ እንጂ አፍሽ አልጠፋም!»

እሱ ከሄደ ብዙም ሳይቆይ እኛ በድንበር ጠባቂዎች ተያዝን። ጣቢያው ውስጥ አንድ ወታደር የዓይን አሻራ የሚወስድ መሣሪያ ፊቴ ላይ ደቀነ።

«ዓይንሽን ክፈቺ።»

«ክፍት ነው።»

«መሣሪያው አላየሽም።»

«እኔም አላየሁትም። ተካክለናል።»

አስተርጓሚው እየሳቀ ተረጎመለት። ወታደሩ አልሳቀም። «ወደ ብርሃኑ ተመልከቺ» አለኝ። «ብርሃኑ በየት በኩል ነው?» አልኩት። በመጨረሻ ጮክ ብሎ እየተናገረ ጻፈ፦ «ዓይን፣ የለም።» ከመጋዘን ዕቃ ጎድሎ እንዳገኘ ሰው።

ከዚያ እንዴት እንደወጣሁ አልናገርም፤ ያወጣችኝ ሴት በሕይወት አለች። አቡ ዓሪሽ ከተማ ውስጥ ወለም ያለ እግርና የአራስ ወገብ እያሸሁ እንደምኖር ብቻ ልበል። እሽታውን የተማርኩት ከእናቴ ነው፤ ዓይን አይጠይቅም። ያከራየኝ አቡ ጀብር የሚባል ሰው ቁልፉን ሲሰጠኝ ወንበር ላይ ወጥቶ አምፖሉን ፈታው።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«አምፖሉ ለአንቺ ምን ያደርግልሻል?»

«እንግዳ ቢመጣብኝስ?»

«እንግዳሽም ዓይኑን ይጨፍን» አለኝ። ኪራዩን ግን ከዓይናሞቹ እኩል ይቀበለኛል።

ስለ አገሩ ብትጠይቁኝ፣ የጂዛን አየር እርጥብ ጨርቅ አፍ ላይ እንደ መጫን ነው። በበጋ አቧራው ሲነሳ ጥርስ መካከል ይንቋቋል። የሚበሉትን መርሳ የሚሉትን ቂጣ ግን እወደዋለሁ፤ በሙዝ አሽተው ቅቤና ማር ያፈሱበታል፤ ስጎርሰው ጭኮ ትዝ ይለኛል፣ ስውጠው ጭኮ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ሴቱም ወንዱም ፉል የሚሉትን ነጭ አበባ አናቱ ላይ ይደፋል፤ ሽታው ገበያ መድረሴን ይነግረኛል። አገሬ ቢሆን ዓይነ ስውር ሲያልፍ መንደሩ ሁሉ ይጮህለታል፤ «ቀኝ! ቀኝ በይ! ገደል ነው፣ ውይ ልትሞት ነው!» ይላል። እዚህ ወንድ ሴት አይነካም፤ እኔም በኒቃብ ስለሆንኩ ማየት አለማየቴን የሚያውቅ የለም። ጉድጓድ ብገባ በአክብሮት መንገድ ለቀው ያሳልፉኛል።

ያንገበገበኝ ግን የእኔ ዓይን አልነበረም። በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሎች ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ውሃ ሳይወርድ፣ በሩን አንኳኩተው ነው የሚያረዱት። ሽማግሎቹም በወሬ አይነሱም፤ ሲሞት ያየ ወይም ሲቀበር እጁ አፈር የነካ ምስክር ይሻሉ። ምስክር ከሌለ ሞት የለም። ሞት ከሌለ ሐዘን የለም፣ ሰደቃ የለም፤ እናት በር በሩን እያየች ታረጃለች። ሰይድ አሊ ደግሞ አገር ቤት ወሬ ልኮ ነበር፦ ዘይነብ ሪያድ ሀብታም አግብታለች፣ ኮርታ ዘመዶቿን ረስታለች ብሎ። እናቴ በየጊዜው ትደውላለች።

«ከድጃ፣ ቅናትሽን ተይ። የእህትሽን ስልክ ስጪኝ።»

«እማየ፣ የለኝም።»

«እጇን እጅሽ ላይ አላስቀመጥኩም? የት ጣልሽው?»

ይህን ነበር ስሰማ የኖርኩት። ዘይነብ መሞቷን ልቤ ያውቃል፤ በሕይወት ብትኖር ለእኔ ባትደውል ለእናቷ ትደውል ነበር። ሼህ አደም ዘንድ ሄድኩ። ሼህ አደም በአሐድ አል-መሳርሐ እርሻ በግ የሚጠብቁ የወሎ ሽማግሌ ናቸው፤ የአገራችን ሰዎች እዚህ ሲጣሉ ፖሊሱ፣ ሹርጣው ጋ መሄድ ስለማይችሉ እሳቸው ናቸው የሚዳኙት። አንድ ቃል ወደ ባቲ ሽማግሎች ቢልኩ መርዶው ይወጣል።

«በዓይንሽ ያየሽው አለ?» አሉኝ።

«በጆሮዬ ሰማሁ።»

«ምን ሰማሽ?»

«ስትጠራኝ።»

«የሚጣራ ሰው በሕይወት ያለ ሰው ነው፣ ልጄ። በዚህ መርዶ አይወጣም።»

ተነስቼ ወጣሁ። እሳቸውንም ለረጅም ጊዜ ቂም ይዤባቸው ነበር። ሰይድ አሊ ግን ያን ጊዜ የደላላነቱን ሥራ ትቶ የተከበረ ሰው ሆኗል። ፒካፕ እየነዳ ለከፊሉ፣ ለዓረብ አሠሪው፣ ከሳምጣ እርሻዎች የከብት መኖ ያመላልሳል፤ የይለፍ ወረቀት አለው፤ በመውሊድ ያው ድምፁ ከፍ ይላል። የአገራችን ሰዎች ስለ ሐውሹ የማያውቁ እንዳይመስላችሁ። ያውቃሉ። «ያለፈ አለፈ» ይላሉ። የገመዱን ጫፍ የቀመሰ እግር እንዲህ አይልም።

የሚናገር ግድግዳ ያገኘሁት በዚህ መሐል ነው። አንድ ሆስፒታል ስገባ በሩ ላይ የሆነ ድምፅ በዓረብኛ «ዋናው በር ላይ ነሽ፤ መዝገብ ክፍል በቀኝሽ ነው» አለኝ።

«ማን ነው?» አልኩ። «ማን ነህ?» ብዬ ስደግም አጠገቤ አንዲት ሴት ሳቀች።

«ግድግዳው ነው» አለችኝ።

«ግድግዳ ይናገራል?»

«ከሰው ይሻላል። ወሬ አይጨምርም።»

ድምፁ ለዓይነ ስውራን ግድግዳው ላይ ከተተከለ መሣሪያ የሚወጣ ነው። ሴትዮዋ ኡስታዛ ነውራ ትባላለች፤ የጂዛን ሰው ናት፣ ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይነ ስውር፣ ለዓይነ ስውራን አስተማሪ። ስልክ እንዴት እንደሚመራ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ስልኩ ቦርሳዬ ውስጥ ሆኖ አንዲት ትንሽ ማዳመጫ ኒቃቤ ሥር ጆሮዬ ላይ ትገባለች። «ትንሽ ወደ ግራ። ደረጃ አለ። መሻገሪያው ፊት ለፊትሽ ነው» ይለኛል። በባሕሩ ዳር መናፈሻ፣ በገበያ አዳራሹ፣ በክሊኒኩ እየተነገረኝ እሄዳለሁ። ከሰይድ አሊ በኋላ ያገኘሁት የመጀመሪያ መሪ ነው፤ አይሳደብም፣ ከኋላ አይገፋም፣ ስሳሳት «መንገዱን እንደገና እፈልጋለሁ» ይላል እንጂ ብረት አይመዝም።

ስልኩ ሌላም ነገር ነበረው። አንድ ቦታ ቆመሽ ቁልፉን ነክተሽ ብትናገሪ ድምፅሽ እዚያው ቦታ ላይ ይቀራል። ሌላ ዓይነ ስውር በዚያ ሲያልፍ ይሰማዋል፤ የፈለገም ቤቱ ቁጭ ብሎ በካርታው የተቀመጡትን ድምፆች አንድ በአንድ ያዳምጣል። ምልክት ይሉታል። ጉድጓድ፣ የተሰበረ ጡብ፣ ክፉ ውሻ ያለበትን ለማስጠንቀቅ ነው። እኔ የመጀመሪያውን ምልክት ያኖርኩት ድሮ ለእሽታ በሠራሁበት ቤት በር ላይ ነው፤ መዳሟ የሻይ ማንቆርቆሪያ ክንዴ ላይ የደፋችበት ቤት። «ሠራተኛ ሆይ፣ በዚህ በር አትግቢ» አልኩ። ኡስታዛ በማግስቱ ደወለች።

«ያ ኸዲጃ፣ ምልክት ለጉድጓድ ነው።»

«እሱም ጉድጓድ ነው፣ ኡስታዛ።»

«የሰው ቤት ነው! አጥፊው።»

አጠፋሁት። ክንዴ ላይ ያለውን ግን የሚያጠፋ አልመጣም።

በዒድ ሰይድ አሊ ሊጠይቀኝ መጣ። ሰው በዒድ ይቅር የሚባባልበት ልማድ ስላለን አንድም ዓመት አይቀርም፤ አንድም ዓመት አፌን አልከፈትኩለትም።

«ዒድ ሙባረክ፣ እቴ ከድጃ። ለወንድምሽ ዐፍው በይ እንጂ።»

በዚያ ዓመት ተናገርኩት። «ሰደቃ ሥራ፣ ከዚያ እናወራለን። እዚህ ለዓይነ ስውር በየቦታው የሚቀመጠው ምልክት ሁሉ በዓረብኛ ነው የሚናገረው። አንተ በሳምጣ መንገዶች ሁሉ ታልፋለህ፤ ሥፍራ ሥፍራው ላይ በአማርኛ ድምፅህን አኑር።»

«በኔ ድምፅ?» አለ። ወንበሩ ጮኸ፤ ወደ ፊት ተጠግቶ ነው።

«ካንተ ሌላ ማን ድምፅ አለው?»

ሰው ወጥመድ ነበር ይለኛል። ወጥመድ የሚዘረጋ ሰው የሚይዘውን ያውቃል፤ እኔ አላውቅም ነበር። የማውቀው አንድ ነገር ነው፦ ሰይድ አሊ የሚሰማው ካገኘ አያቆምም። የቁልፉን አጠቃቀም ኡስታዛ ራሷ በስልክ አስረዳችው። ከዚያ ወዲያ በየእርሻው፣ በየድልድዩ፣ በየመስጊዱ ደጅ ምልክት አስቀመጠ፤ መኪናው ውስጥ እንደተቀመጠ፣ መስኮቱን ከፍቶ። ሰው ሁሉ «ማሻአላህ» ይለዋል። ይለወጥ ይሆን ብዬ አላሰብኩም። አዳመጥኩ እንጂ።

አንድ ቀን ከሰዓት አራስ ሴት ወገብ ላይ እጄን አድርጌ፣ በጆሮዬ አዲሶቹን ምልክቶች እሰማለሁ። አንዱ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ ሞተር፣ ንፋስ። ቀጥሎ ከንፈር ሥር፣ ለራሱ፦ «አሰላሙ ዐለይኩም ያ አህለል ቁቡር።» ከዚያ በዚያ ሽማግሌ በሚያስለቅሰው ድምፁ፣ ጮክ ብሎ፦ «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እዚህ የውሃ ቦይ አለ፤ ጠርዙ ተንዷል፤ ግራችሁን ይዛችሁ እለፉ።»

አራሷ «ኸዲጃ! ወገቤን ሰበርሽው!» ብላ ጮኸች። እጄ ጠብቆ ነበር።

ለማያውቅ ልንገር። ሙስሊም በመቃብር ሲያልፍ ሙታንን ሰላም ይላል፤ «እናንተ የመቃብር ሰዎች ሆይ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን» ማለት ነው ቃሉ። ከልጅነታችን አፋችን ላይ ስላለ ሳናስበው ይወጣል። ሰይድ አሊ የሰው ቆዳ ይተረትራል እንጂ በመቃብር አጠገብ ዝም ብሎ አያልፍም። ደግሞ ዓይን ያለው ሰው ሲያጉረመርም የሚሰማው ያለ አይመስለውም። እኔ ያን ማጉረምረም በገመድ ምት መካከል ተምሬዋለሁ። የቀሩትን ምልክቶቹን ሁሉ መልሼ ሰማሁ። ሌላ ቦታ ላይ ሙታንን ሰላም አላለም።

ሼህ አደም ዘንድ ተመልሼ ሄድኩ።

«ሼሁ፣ ከሳምጣ ወደ ድንበሩ እርሻዎች ሲኬድ ከተናደው ቦይ አጠገብ መቃብር አለ?»

«እዚያ? እሾህና ላስቲክ ነው ያለው። በጎቼን ነድቼበታለሁ።»

አሰማኋቸው። «ድገሚው» አሉኝ። ደገምኩት። ከዚያ መቁጠሪያቸው መሽከርከሩን ሲያቆም ሰማሁ።

«ጥሩት» አሉ።

በጁምዓ ከከሰዓቱ የዐስር ሶላት በኋላ የአገራችን ወንዶች እርሻው ዳስ ሥር ተሰበሰቡ። ሰይድ አሊ ሽቶ ተቀብቶ መጣ፤ ስለ ሰደቃው ሊመርቁት የጠሩት መስሎታል። እኔ ስልኩን ከፍ አድርጌ ምልክቶቹን ማሰማት ጀመርኩ። የድልድዩ፣ የመስጊዱ፣ የክፉው ውሻ። ወንዶቹ ይስቃሉ፣ ያሞግሱታል። አንዱ «ይህ ድምፅ ባቲ ቢሆን ሴት ሁሉ እያወቀች ገደል ትገባ ነበር» አለ። ከዚያ የቦዩን አሰማኋቸው። ሳቁ ወዲያው አልቆመም፤ ቀስ እያለ፣ አንድ በአንድ ነው የጠፋው።

«ሰይድ አሊ» አሉ ሼህ አደም። «ለማን ነው ሰላም ያልከው?»

«ልማድ ነው፣ ሼሁ። ለሙስሊም ሙታን ሁሉ።»

«ሌላው ቦታ ላይ ያሉት ሙታን ሙስሊም አይደሉም?» አልኩ እኔ።

ስልኩን ከእጄ ነጥቆ ሲወረውረው ሰማሁ፤ መስኖው ውስጥ ገባ። ቀጥሎ ጡጫው አፌ ላይ አረፈ፤ ደሜን ዋጥኩ። ከዚያ ወንዶቹ ተነሱበት። ለዓመታት «ያለፈ አለፈ» ሲሉ የነበሩት እነዚያው ሰዎች ናቸው። የአካፋ እጀታ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ሌላ ድምፅ አለው፣ አጥንት ላይ ሲያርፍ ሌላ፤ ሁለቱንም ለየሁ። የዘመዶቻቸውን ስም እየጠሩ ይመቱታል፤ «ይህ የአሕመድ ነው! ይህ የወንድሜ!» አላቆምኳቸውም። ሼህ አደም ናቸው የጮሁት፦

«አትግደሉት! ከሞተ ማን ይመሰክራል? አፉን ተዉለት!»

መሬት ላይ እንደተዘረረ ቁርኣን ደረቱ ላይ አኑረው ጠየቁት።

«ዘይነብ የት ናት?»

«ከቦዩ አጠገብ።» ድምፁ ውስጥ ደም ነበር።

«ማን ቀበራት?»

«እኔ። ጸሐይ ወጣ፣ ልሸከማት አልቻልኩም። ከቁጥቋጦ ሥር አስቀምጬ ውሃ ላመጣ ሄድኩ። ስመለስ ሞታለች። በእጄ ቆፈርኩላት። በሽርጤ ከፈንኳት፣ ሰገድኩባት። ሐቋን አልነፈግኳትም፣ ወላሂ።»

«መቼ ተመለስክ?» አልኩት።

ደሙን ሲተፋ ሰማሁ።

«ሰይድ አሊ፣ መቼ ነው የተመለስከው?»

«በማግስቱ።»

ማለት እኔ እርሻው ላይ «ዘይነብስ?» ስለው፣ እሱም «ሌላ መኪና ወሰዳት» ሲለኝ፣ እሷ ከቁጥቋጦው ሥር በሕይወት ነበረች። ውሃው አጠገቤ ነበር። በርሜል ሙሉ። ፊቴን አጥበውኛል በዚያ ውሃ።

«ጫማውን አውልቁልኝ» አልኩ። በትሬን ያዝኩ። ማንም አልተቃወመም። ውስጥ እግሩን በእጄ ዳሰስኩ፣ ለእሽታ እንደምዳስሰው አድርጌ፣ የት እንደሚያም አውቃለሁና። ከዚያ መታሁት። ስንት እንደሆነ አልቆጠርኩም። ሱብሓነላህም አላልኩም። አፉን ግን ተውኩለት፣ ሼሁ እንዳሉት። ይህን አንብቦ የሚፈርድብኝ ካለ መጀመሪያ ሐውሹን ይጎብኝ።

አሁን በሌላ ከተማ ነው አሉ። ያነክሳል ይላሉ። መንዙማ ማውጣቱን ግን አልተወም፤ እሱ ይቆጨኛል።

ስልኩ ከመስኖው ሲወጣ ሞቶ ነበር። የሆነውን ሁሉ ሳልነግራት ለኡስታዛ ደወልኩና «ምልክቱ ጠፋ» ብዬ አለቀስኩ። «ስልኩ ውስጥ አይደለም ያለው» አለችኝ። «የተቀመጠው ቦታው ላይ ነው። ሌላ ስልክ እሰጥሻለሁ፣ ይሰማሻል።» እውነቷን ነበር። ድምፁ እንዳለ እዚያው ቦዩ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ።

ሼህ አደም ባቲ ደወሉ። ሽማግሎቹ ጎህ ሲቀድ እናቴን አረዷት። እኔ ያን ቀን ሥራ አልወጣሁም፤ ትንሿን የመደወያ ስልኬን ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ረፋድ ላይ ጠራ።

«ከድጃ።»

«እማየ።»

ከኋላዋ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል። እሷ አታለቅስም፤ ትተነፍሳለች ብቻ። ስለ እጁ አልጠየቀችኝም። ያንን ጥያቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጠይቀኝ ቀረች።

«ድምፅ አለ ይላሉ» አለች።

«አለ።»

«አሰሚኝ።»

«እማየ፣ የእሱ ድምፅ ነው።»

«አውቃለሁ። አሰሚኝ።»

ሁለቱን ስልኮች አፍ ለአፍ ገጠምኳቸው። ሞተሩ፣ ንፋሱ፣ ከዚያ ከከንፈር ሥር «አሰላሙ ዐለይኩም ያ አህለል ቁቡር»።

«ወዐለይኩሙ ሰላም» አለች እናቴ፣ ቀስ ብላ። መልስ መስጠት ለማትችለው ልጇ መለሰችላት። ከዚያ «መቼ ነው የምትሄጂላት?» አለችኝ።

ከእኔና ከቦዩ መካከል ኬላ አለ፤ ሰይድ አሊን የሚያሳልፍ ወረቀት እኔን አያሳልፍም። ስልኩንም ጠይቄዋለሁ፤ በዚያ ትሑት ድምፁ «ወደዚህ ቦታ የእግር መንገድ አልተገኘም» ይለኛል። መንገድ ባይሰጠኝም ግን አቅጣጫ ይሰጠኛል፤ ፊቴን በትክክል ወደ ምልክቱ ሳዞር አንዲት ቀጭን ደወል ጆሮዬ ውስጥ ትጮሃለች።

«እሄዳለሁ፣ እማየ።»

«በየት በኩል ናት?»

ተነሳሁ። አምፖል በሌለው ክፍሌ ውስጥ ቀስ እያልኩ ዞርኩ፤ አልጋውን አለፍኩ፣ በሩን አለፍኩ፣ ደወሏ እስክትጮህ ድረስ። ከዚያ ቆምኩና እናቴ የዘይነብን እጅ ያስቀመጠችበትን እጄን ወደዚያ ዘረጋሁት።

«ወደዚህ ናት» አልኳት፣ የምታየኝ ይመስል።